እርግጠኛ ነዎት?

እኔ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ፤ ከአሁኑ ልናገርና ይውጣልኝ። ባለቤቴ ደግሞ ተቃራኒዬ ነው። ወሎዬ ነው፤ ጣሪያው አፍስሶ ጎረቤት ሁሉ ሲጯጯህ እሱ ሻዩን ጨርሶ ነው የሚነሣው። ደብረ ማርቆስ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ሁለታችንም ኮምፒዩተር እናስተምር ነበር። የተዋወቅነውም እዚያው፣ አልበራም ባለ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ስንጨቃጨቅ ነው። ማለቴ የጨቀጨቅሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ገመዱን ሰካው።

እሱ ሙስሊም ነው፣ እኔ የየኔታ ልጅ ነኝ። አባቴ ዲማ ተምረው የወጡ፣ ቁይ አጠገብ ባለች ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ ሊቅ ናቸው። እናቴ በሕፃንነቴ ስለሞተች ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ጠጉሬን እንኳ የሚሠሩኝ እሳቸው ነበሩ። ታዲያ እየሠሩኝ ሳለ ተማሪ ቅኔውን ሊያሰማ ከመጣ ግማሹን ትተው ይነሣሉ። ግማሽ ራሴ ተሠርቶ ግማሹ ተንጨባሮ ትምህርት ቤት የሄድሁበት ቀን ብዙ ነው።

ማንን እንደማገባ ስነግራቸው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «እግዚአብሔር ይጠብቅሽ» አሉና ወደ ተማሪዎቻቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ቁይ ስሄድ እንደ ድሮው አቅፈው ይቀበሉኛል፣ ይመርቁኛል፤ ስለ ባለቤቴም «ደኅና ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ቤቴን ግን አራት ዓመት ሙሉ አልረገጡም። «መቼ ነው የሚመጡት?» ስላቸው «እግዚአብሔር ሲፈቅድ» ነው መልሳቸው። እኛ አገር ደግሞ ይቺ ቃል ስንቱን እንደምትሸፍን የማያውቅ የለም። ሊመጣ የፈለገም ይላታል፣ ሞቶ እንኳ የማይመጣም ይላታል። እኔ በዚያን ጊዜ ከዚህ ዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ አባቴ አንድ ቀን በሬን አልፈው እንዲገቡ። ሌላው ሁሉ ቢቀር ግድ አልነበረኝም።

እርግጥ ሰበብም ነበራቸው። ከቁይ ወደ ደብረ ማርቆስ ጠዋት የምትነሣ ቅጥቅጥ አውቶቡስ አለች፤ እሷን ለመያዝ የሚደረገው ግፊያ የሰው አይደለም። ጎልማሳው በበር ይጋፋል፣ ጎረምሳው በመስኮት ይገባል፣ ብልጡ ደግሞ ኮፍያውን ወንበር ላይ ወርውሮ «ተይዟል» ይላል። አንድ ጠዋት ለደብሩ ጉዳይ ሊሳፈሩ ሲሉ አባቴን ገፍተው ጣሏቸው። አንጓቸው ወለም ብሎ ወጌሻ እየታሹ ሰነበቱ። ከዚያ ወዲህ መናኸሪያ የሚባል ነገር አታንሺብኝ አሉ።

ያን ጊዜ ቤት ገብቼ ስለ መናኸሪያው፣ ስለ ተራ አስከባሪው፣ ስለ ጎረምሶቹ አስተዳደግ ሁሉ ስለፈልፍ ባለቤቴ ዝም ብሎ ሰማኝና፣ ወንበራቸውን ቤታቸው ሆነው በስልክ ቢይዙስ አለኝ። ስማርት ስልክ ቁይ ገበያ ላይ እንደ ልብ መታየት የጀመረበት ሰሞን ነበር። የአውቶቡስ ባለንብረቶቹ ደግሞ ወጪ እስካልጠየቅናቸው ድረስ እሺ አሉ፤ ከየአውቶቡሱ የፊት ወንበሮቹን ለአዛውንት፣ ከኋላ ጥቂቱን ለፈለገ ሰው ተዉልን። እንዲህ ነው የወንበር ማስያዣ አፕ ሠሪ ሆነን ያረፍነው።

ባለቤቴ አንድ የማደንቅለት ጠባይ አለው፤ ለማን እንደሚሠራ ሳያይ አይሠራም። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ሲያልቅ ስልኩን ይይዝና መናኸሪያ ይወርዳል። ግንቡ ሥር ጥላ ይዘው ከተቀመጡት አዛውንቶች መካከል ገብቶ ይቀመጥና «አባቶች፣ እስቲ ይችን እዩልኝ» ይላል። መጀመሪያ ቀን አንደኛው ስልኩን ተቀብለው አራቁት፣ አቀረቡት፣ አዘነበሉት፤ ከዚያ «ጉንዳን ነው እንዴ የምታሳየኝ?» ብለው መለሱለት። ፊደሉን አሳደገው። አሁንም ጉንዳን ነው አሉት። አሁንም አሳደገው። በመጨረሻ አንድ ገጽ ላይ ከሦስት ቃል በላይ የማይገባ ሆነና፣ ያን ጊዜ «እ፣ አሁን ጻፍህ» አሉት።

ቀጥሎ ቀኑ አስቸገረ። እኛ ከአንድ እስከ ሠላሳ ቁጥር ደርድረን «ቀን ይምረጡ» ብለን ነበር። ማን እንዲህ ይቆጥራል! ሰዉ የሚሄደው ለማርያም ማግስት ነው፣ ለአቦ ዋዜማ ነው፣ ጊዮርጊስን አንግሦ ነው። ስለዚህ ባለቤቴ ከየቁጥሩ ጎን ዕለቱ የማን እንደሆነ ሊጽፍ ተነሣ። ሠላሳውንም በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፈና ጥርሱን እየፋቀ ያጠናው ጀመር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው እሱ እኔን የሚያስታውሰኝ ሆነ። «ነገ እኮ ኪዳነ ምሕረት ናት፤ ረሳሻት?» ሲለኝ፣ የየኔታ ልጅ ሆኜ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

የአውቶቡሱን ወንበሮች ከላይ ሲታዩ የሚያሳይ ሥዕል ሥለን ነበር። በዚያ ሥዕል እንኳን ኮርቼ ነበር፤ የሣልሁት እኔ ነኛ። አንድም አዛውንት አልገባውም። «ጣሪያው የት ሄደ?» ነው የሚሉት። አነሣነውና በቃል «ከሾፌሩ ኋላ፣ በመስኮት በኩል» ብለን ጻፍን። ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት ደግሞ እኛ ጭራሽ ያላሰብነውን ነበር፤ ማን ነው የሚነዳው? የማን ልጅ ነው? የሾፌሮቹን ፎቶ አስገባን። አንዱን አይተው «ይኼስ ጨዋ ይመስላል» ብለው ወንበር ይይዛሉ፤ ሌላውን «ዓይኑ አላማረኝም» ብለው ለነገ ያስተላልፋሉ። ሾፌሮቹ ይህን ሲሰሙ ጠጉራቸውን ተቆርጠው፣ ኮት ለብሰው አዲስ ፎቶ ይዘውልን መጡ።

የመጨረሻዋ ነገር የመጣችው በአንድ አዛውንት ጣት ምክንያት ነው። ሰውየው ይጁቤ ለልቅሶ ሊሄዱ ወንበር ሲይዙ ጣታቸው ተንቀጠቀጠና ባሕር ዳር ላይ አረፈ። በማግስቱ ጠዋት ረዳቱ ባሕር ዳር ሊወስዳቸው ሲል ለትንሽ ነው የዳኑት። ባለቤቴ በጣም አዘነ። ጣት ቢሳሳት እንኳ የሚታረምበት ቦታ ይኑር ብሎ መጨረሻ ላይ አንዲት ገጽ ጨመረ። በትልቁ «እርግጠኛ ነዎት?» ትላለች። ከሥሯ ሁለት ሰፋፊ ቁልፎች አሉ፤ አንዱ «አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ»፣ ሌላው «አይ፣ አይደለሁም»። አይ የተባለ እንደሆነ «ጉዞዎ ተሰርዟል፤ እናመሰግናለን» ብላ ትዘጋለች። ስልክ ላይ ያለ ነገር ሁሉ እንዲህ ብሎ ነው የሚጠይቀው፤ እኛም ምንም አልመሰለን። መናኸሪያ ስናለማምዳቸውም አጠገባቸው ስለምንቀመጥ እዚያ ገጽ ሲደርሱ «እዚህ ጋ ይጫኑ» እያልን እናሳልፋቸዋለን፣ ወይም ራሳችን እንጫንላቸዋለን።

አባቴንም ያስተማርኋቸው እንዲሁ ነው። ከመስቀል በፊት ቁይ ሄጄ አዲስ ስልክ ወሰድሁላቸውና ሁለት ቀን አብሬያቸው ተቀመጥሁ። ተማሪዎቻቸው እንዲያዩ አልፈለጉም፤ ከጓዳ ገብተን ነው የተማሩት። እኔ በችኮላ ሳስረዳ እንደ ተማሪ ይገሥጹኛል፤ «ቀስ በዪ፣ ከሥሩ ጀምሪ» ይሉኛል። ብዙም አልፈጀባቸውም። ቀኑን መርጠው፣ ሾፌሩን አይተው፣ ወንበሩን ይዘው እመጨረሻው ሲደርሱ እኔ ስልኩን ተቀብያቸው አዎ የሚለውን ተጫንሁላቸውና «በቃ፣ ይኸው ነው» አልሁ። ለልምምድ ነበርና ኋላ ሰረዝነው። ስሸኝ በሩ ላይ ቆመው «እንግዲህ በዚሁ ሳምንት እመጣለሁ» አሉኝ። አራት ዓመት የጠበቅኋት ቃል ናት። አውቶቡስ ውስጥ መሐረቤን አውጥቼ ሳለቅስ፣ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ሰው የሞተብኝ መስሏት ስታጽናናኝ ነው የተጓዝሁት።

ረቡዕ ቀን ነው እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ ያሉኝ። ቅዳሜና እሑድ ደብሩ ላይ ሥራ ስላለባቸው ነው ብዬ ክፍለ ጊዜዬን ለሌላ አስተማሪ ሰጥቼ መናኸሪያ ሄድሁ። ባለቤቴ ቤቱን ጠርጎ፣ ምንጣፉን አራግፎ፣ እንደ ሙሽራ ተጣጥቦ ይጠብቃል። የቁይዋ አውቶቡስ መጣች። ሰው ወረደ፣ ዶሮ ወረደ፣ ጆንያ ወረደ፤ አባቴ የሉም። ደወልሁ። «ልጄ፣ ስልኩ ጉዞዎ ተሰርዟል አለኝ» አሉኝ። ተሳስተው ይሆናል ብዬ በስልክ እንደገና አስረዳኋቸው። እሺ፣ ዓርብ እመጣለሁ አሉ። ዓርብም ጠበቅሁ። ዓርብም የሉም። ስደውል ያችኑ ይደግሙልኛል፤ ተሰርዟል አለኝ።

ቤት ገብቼ ባለቤቴን አፕህ ተበላሽቷል ብዬ አፋጠጥሁት። ከፍቶ አየው፤ ምንም አልሆነም። በዚያው ቀን ከቁይ የመጡ ወጣቶችና ነጋዴዎች በዚያው አፕ ነው ወንበር የያዙት፤ ለሁሉም ሠርቷል። ለሁሉም የሠራ ነገር ለአባቴ ብቻ እምቢ ሊል ነው? እንግዲህ እኔን ሆናችሁ ፍረዱ። እኔ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መምጣት አልፈለጉም፤ አልመጣም ማለት ደግሞ ከበዳቸው፤ ስለዚህ በባለቤቴ ሥራ አሳበቡ። ይኸኛው ነው ይበልጥ ያበገነኝ።

ወዲያው መልሼ ደወልሁላቸው። ባለቤቴ ተይ፣ ነገ ይደርሳል ብሎኝ ነበር፤ አልሰማሁትም።

«አባባ፣ አልመጣም ቢሉኝ ይሻል ነበር» አልኋቸው። «በዚህ ዕድሜዎ ለምን ይዋሻሉ?»

እሳቸው «ደኅና ሁኚ ልጄ» አሉና ዘጉት። ወላጅን ውሸታም ማለት እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያውም እሳቸውን፤ ተማሪ ቅኔው ካላማረ አላማረም እንጂ ለማጽናናት እንኳ ደኅና ነው የማይሉትን ሰው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴን አመመኝ፤ ግን ደግሞ እልኸኛ ነኝ። አምስት ሳምንት አልደወልሁም። እሳቸውም አልደወሉም። ባለቤቴ በየማታው «ደወልሽ?» ይለኛል፤ እኔ በየማታው እቆጣዋለሁ። ቤታችን ውስጥ ሳቅ ጠፋ።

በዚያ መሐል ከመናኸሪያው ትኬት ቆራጩ አቤቱታ ይዞ መጣ። ለአዛውንት ተይዘው የሚቀሩት የፊት ወንበሮች ባዶአቸውን ነው የሚሄዱት፤ ይህ ነገራችሁ ለጎረምሳ እንጂ ለሽማግሌ አልሆነም አለን። ባለቤቴ የአፑን መዝገብ ቢያገላብጥ እውነቱን ነው። ብዙ ሰው ቀኑን ይመርጣል፣ ሾፌሩን ያያል፣ ወንበሩን ይይዛል፤ መጨረሻዋ ገጽ ላይ ሲደርስ ይሰርዛል። የቁልፉ ቀለም ነው ብሎ አረንጓዴ አደረገው። ምንም ለውጥ የለም። ቁልፉን አሰፋው። ምንም። እንግዲያው እኔው ልያቸው ብዬ በንዴት ስልኩን ይዤ መናኸሪያ ወረድሁ።

ግንቡ ሥር አንዲት እማሆይ ተቀምጠዋል፤ በማግስቱ ይጁቤ እኅታቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው። ፊደል ይለያሉ። ስልኩን ሰጠኋቸውና እኔ አንድም ቃል ላልተነፍስ ለራሴ ምዬ፣ እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥሁ። በጣም ጎበዝ ናቸው። ይጁቤን አገኙ፣ ቀኑን አገኙ፣ ሾፌሩን መረቁት። መጨረሻው ላይ ደረሱ። «እርግጠኛ ነዎት?» የሚለውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፣ ትንሽ አሰቡ፣ አማተቡና «አይ፣ አይደለሁም» የሚለውን ተጫኑ።

ምነው እማሆይ፣ መሄዱን ተዉት እንዴ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ኧረ እሄዳለሁ» አሉኝ። «ግን ልጄ፣ ነገን ማን አይቶት? እርግጠኛ ነኝ ብዬ ተጭኜ ማታውን ብሞትስ? ውሸታም ሆኜ ልሙት?»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። እማሆይም ሣቁ። ከዚያ አባቴ ትዝ አሉኝ፤ ሳቁ አፌ ላይ ደረቀ። ጓዳው ውስጥ ሆነን ስንለማመድ ያችን ገጽ ተሽቀዳድሜ የተጫንሁት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ጨርሶ አላነበቧትም። ብቻቸውን ሲሆኑ ግን አንብበዋታል። ተጠይቀዋል፤ የነገውን የሚያውቅ አንድ እሱ ነው ብለው እውነቱን መልሰዋል። ስልኩም ጉዞዎ ተሰርዟል ብሏቸዋል። እሳቸውም ያችኑ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነግረውኛል። ለስልክ እንኳ መዋሸት ያቃታቸውን ሰው ነው እኔ ለምን ይዋሻሉ ያልኋቸው። ከመናኸሪያ እስከ ኮሌጁ ባጃጅ እንኳ ሳልይዝ እየሮጥሁ ነው የሄድሁት።

ለባለቤቴ ስነግረው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «እናቴም ብትሆን አይ ነው የምትለው» አለኝ። እናቱ ኢንሻአላህ ሳይሉ ከሳሎን ወደ ወጥ ቤት አይሄዱም። የሁለታችንም ቤት እንዲህ ሆኖ ሳለ፣ ሁለት የተማርን ሰዎች ቁጭ ብለን ያችን ጥያቄ መጻፋችን አንገበገበው። ከዚያ የአባቴን ቁጥር በል ፈልግልኝ አልሁት።

መዝገቡ ላይ ተደርድሮ ተገኘ። እኔ የማውቀው ሁለቱን ቀን ነበር፤ ረቡዕንና ዓርብን። እሳቸው ግን ዘጠኝ ጊዜ ነው የሞከሩት። ዘጠኝ ጊዜ ቀን መርጠዋል፣ ዘጠኝ ጊዜ ከሾፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ይዘዋል፣ ዘጠኝ ጊዜ እዚያች ጥያቄ ላይ ደርሰው ተመልሰዋል። ሰባቱ እኔ ከሰደብኋቸው በኋላ ነው። ሳይነግሩኝ፣ ሳይደውሉ፣ በየሳምንቱ ወደ እኔ ሊመጡ ሲሞክሩ ከርመዋል።

እኔ እንባዬን ስጠርግ ባለቤቴ ዓይኑን ከመዝገቡ አልነቀለም። ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ረቡዕ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ እያለ ቆጠረ። ሌላ ቀን አንድም የለም አለኝ፤ አውቶቡሷ በየቀኑ እያለች ለምን ይሆን? እኔ ለደብሩ ሥራ ብለው መስሎኝ ነበር። ለሱ አልነበረም። ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን ነው፤ ሥጋ አይቀርብም። ሥጋ ካልቀረበ ማን አረደው የሚል ጥያቄ አይነሣም፤ አባቴም የባለቤቴን ማዕድ አልበላም ብለው ሰው ቤት ሰው አያሳፍሩም። አስበው፣ መርጠው፣ ለሱ ተጠንቅቀው ነው። ይህን ስነግረው ባለቤቴ ተነሣና መስኮቱ ጋ ሄዶ ወደ ውጭ ሲያይ ቆየ። ከተጋባን ወዲህ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ወዲያው ደወልሁ። ይቅር ይበሉኝ አባባ፣ ጥፋቱ የኛ ነው፣ ጥያቄው ነው የተበላሸው አልሁ። ምኑን ከምኑ እንዳደረግሁት አላውቅም። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉኝ፤ ገና ሳልጨርስ። ከዚያ በልቅሶ የተዘጋውን ድምፄን ሰምተው ጉንፋን ይዞሽ ነው እንዴ አሉኝ።

ባለቤቴ ያችን ገጽ ነቅሎ ጣላት። በምትኩ «ወዴትና መቼ እንደሚሄዱ ይኸው፤ ልክ ነው?» የምትል ገጽ አስገባና፣ ቁልፏ ላይ «ፈጣሪ ከፈቀደ ይያዝልኝ» ብሎ ጻፈ። የፊት ወንበሮቹ በሳምንቱ መሙላት ጀመሩ። ትኬት ቆራጩ ምን ቢያደርጉበት ነው ብሎ ተገረመ።

አባቴ የመጡት ረቡዕ ነው፤ የኅዳር ጾም ሳይገባ። መናኸሪያ የሄደው ባለቤቴ ነው፤ አንቺ ታለቅሺና ታሳፍሪናለሽ ብሎ እኔን ቤት ተወኝ። አውቶቡሷ በአራት ሰዓት ትደርሳለች፤ እሱ ሦስት ሳይሞላ ነው የወጣው። ሲመለሱ በመስኮት አየኋቸው። አባቴ መቋሚያቸውን ይዘው ከፊት፣ ባለቤቴ ስልቻቸውን ተሸክሞ አንድ እርምጃ ከኋላ። በሩ ላይ ሲደርሱ አባቴ ቆሙ፣ ደጃፉን አዩ፣ «ሰላም ለዚህ ቤት» አሉና ገቡ። እንዲህ ቀላል ነው ለካ አልሁ በሆዴ።

ምሳው ግን ቀላል አልነበረም። አባቴ የጾም ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አይቀምሱም። ባለቤቴ ደግሞ ረሃብ አይችልም፤ ስድስት ሰዓት ካለፈ ፊቱ ይጠቁራል። ያን ቀን ግን «ብላ» ስለው እንቢ አለ። ሁለቱ ሳሎን ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሆዱ ሲጮህ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ይሰማኛል። አባቴ ስለ ወሎ ጠየቁት፣ ስለ እናቱ ጠየቁት። የወሩን በዓላት ከአንድ እስከ ሠላሳ እንደሚያውቅ ሲረዱ እንደ ተማሪ አስቆጠሩት፤ አንድም አልሳተም። ሰባት ሰዓት ግድም እኔ አላስችል አለኝና ሽንኩርቱን ጥዬ መጥቼ የእማሆይን ነገር፣ የመዝገቡን ነገር፣ ዘጠኙን ሙከራ ሁሉ ዘረገፍሁላቸው። አባቴ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን እስኪጠርጉ ሣቁ። የረቡዕንና የዓርብን ነገር ግን እኛም አላነሣን፣ እሳቸውም አላነሡ።

ሳቃቸው ሲያልቅ መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው እጃቸውን ጫኑበት። የተናገሩት ለኔ ሳይሆን ለባለቤቴ ነው።

«ስምንቱ ልጄ እንዳለችው ነው፤ ነገን ስለማላውቅ ነው» አሉት። «የመጀመሪያው ቀን ግን ሌላ ነው። ያን ቀን ስልኩ የጠየቀኝን በልኩ ነው የመለስሁት። ልምጣ አልምጣ እርግጠኛ አልነበርሁም።»

አምስት ሳምንት ያኮረፍሁበት ነገር እውነት ኖሯል፤ ለአንዲት ቀን ብቻ ቢሆንም እውነት ኖሯል። ልናደድ ፈለግሁ፤ ንዴቱ አልመጣ አለኝ። ባለቤቴ ቀና ብሎ አያቸው።

«እኔም» አላቸው፣ «ቢመጡ ምን ብዬ እንደምቀበልዎ እርግጠኛ አልነበርሁም።»

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደ ተቆጣ ሰው አይደለም፤ ተማሪያቸው ደኅና ሲመልስ እንደሚነቀንቁት ነው። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወሩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን ይዤ ገባሁ። ሁለት ትሪ ነበር ያሰናዳሁት፤ አንዱን ለአባቴ ለብቻቸው፣ አንዱን ለእኔና ለባለቤቴ። ጠዋት ሳሰናዳ ማንም አላዘዘኝም፤ ራሴው ፈርቼ ነው። አባቴ ትሪዎቹን ተራ በተራ አዩና ሁለተኛው ለማን ነው ብለው ጠየቁኝ። አንዱን አንሥቼ ወጥ ቤት መለስሁት፤ እዚያው ቆሜም ፊቴን ታጠብሁ። ስመለስ እጃቸውን ታጥበው፣ በአንዱ ትሪ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ሁለቱም በረሃብ እየተቁለጨለጩ እኔን ይጠብቁኝ ነበር።